የውጭ ዳክ ከቤት አምፕሊፋየር ጋር መግጠም፦ ለድሬዳዋ ቤት ዝርዝር መመሪያ

ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር ዘፈኑን የሚይዙት በቁጥር ነው። ስፒከር ግን ቁጥር አያውቅም፤ የሚያንቀሳቅሰው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው ክፍል ዳክ ይባላል። ድምፅ የሚያወጣ ዲጂታል ዕቃ ሁሉ በውስጡ አንድ አለው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ከፕሮሰሰሩና ከኃይል ክፍሉ ጋር ተጠጋግቶ ስለሚኖር የነሱ ጫጫታ ወደ ድምፁ ይገባል። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ቀይና ነጩን የድምፅ መውጫ ጭራሽ ትተውታል፤ ኦፕቲካልና ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያላቸው፤ ከድሮ አምፕሊፋየር ጋር ለማገናኘት የግድ መሃል ላይ ዳክ ያስፈልጋል።

የውጭ ዳክ ይህን የመቀየር ሥራ ከጫጫታው መሃል አውጥቶ በራሱ ሳጥን ውስጥ ይሠራል። ሥራው ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ስፒከር አያድንም፣ ባስ አይጨምርም፣ ሲታመቅ የተጎዳ ዘፈን አይመልስም። ዳክ ገዝተው የሚያዝኑ ሰዎች አብዛኞቹ ያዘኑት ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ችግራቸው ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከገበያ ሳይሆን ከቤት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ለዩ

መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አጥፉና ከኋላው የገቡትን የድምፅ ገመዶች በሙሉ ንቀሉ። የስፒከሮቹ ገመድ ብቻ ይቅር። አሁን ቮልዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ቀስ እያላችሁ ዘወትር ከምትሰሙበት ትንሽ ከፍ አድርጉት። ምንም ሳይሰካበት «እምምም» ወይም «ዝዝዝ» የሚል ከሆነ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የመስመሩ ነው። ዳክ አይፈታውም። በተለይ በቆየ አምፕሊፋየር ላይ የኃይል ክፍሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ደርቀው ይሆናል፤ እሱ የጠጋኝ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ድሬዳዋ የራሷ የሆነ ተጠርጣሪ አላት፦ የጣሪያ ቬንትሌተር። ፍጥነቱን የምትቀይሩበት የግድግዳ ማዞሪያ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ፣ ፍጥነት የሚቀንሰው የ50 ኸርዙን ሞገድ በየዙሩ እየቆረጠ ነው። እያንዳንዱ ቆረጣ በመስመሩ ላይ ስለታም ጫጫታ ይለቃል፤ አምፕሊፋየሩም ይቀበለዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቬንትሌተሩን አጥፉት፣ ከዚያ ሙሉ ፍጥነት ላይ፣ ከዚያ መሃል ላይ አድርጉት። ሲጠፋ ከጠፋ፣ መሃል ላይ ሲሆን ከባሰ፣ ተገኘ ማለት ነው። መፍትሔው ማዞሪያውን በካፓሲተር በሚሠራው፣ «ጠቅ ጠቅ» እያለ በደረጃ በሚዞረው ዓይነት ማስቀየር ነው፤ ያኛው ሞገድ አይቆርጥም። በሙቀቱ ወቅት ቬንትሌተር አጥፍቶ ሙዚቃ መስማት ምክር አይባልም።

አምፕሊፋየሩ ብቻውን ዝም ካለ ላፕቶፑን በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው በኩል አገናኙ። ምንም ሳትከፍቱ ማውሱን አንቀሳቅሱ፣ አንድ ረጅም ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች አሸብልሉ። ከእጃችሁ ጋር አብሮ የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ይህ የላፕቶፑ ውስጣዊ ጫጫታ ነው፤ የውጭ ዳክ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ቋሚ ጉምጉምታ ከሆነና ቻርጀሩ ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ግን የግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ጉዳይ ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

በመጨረሻ ፋይሉን ራሱን መርምሩ። በፍላሽ ተጭነው የሚዞሩ ዘፈኖች ብዙዎቹ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ሲታመቁ የተጣለው የጽናጽልና የጭብጨባ ዝርዝር የትም የለም። የድሬዳዋውን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የአፍራን ቀሎን ዘመን የመሰሉ ከካሴት የተገለበጡ ቅጂዎችም የካሴቱን «ሽሽሽ» ይዘው ነው የመጡት፤ ጥሩ ዳክ ሽሽታውን በታማኝነት ያሰማችኋል። ለመፈተሻ ቢያንስ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወይም ፍላክ (ምንም ሳይጣል የታመቀ) ፋይል ያዙ።

በየትኛው መግቢያ?

ዳክ የሚመረጠው በስሙ ሳይሆን ከምታገናኙት ዕቃ መውጫ ጋር በመግጠሙ ነው።

ላፕቶፕና ስልክ በዩኤስቢ ይገናኛሉ። ቴሌቪዥን በኦፕቲካል፤ ይህ አራት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ክዳን ያላት፣ ውስጧ ቀይ ብርሃን የሚታይባት ቀዳዳ ናት። የዲሽ ሪሲቨር እንደ ሞዴሉ ኦፕቲካል ወይም ኮአክሲያል አለው። ኮአክሲያሉ አንድ ነጠላ የአርሲኤ ቀዳዳ (የቀይና ነጩ ገመድ ጫፍ የሚገባበት ዓይነት ክብ መሰኪያ) ነው፤ ከቀይና ነጩ የድምፅ መውጫ ጋር እንዳታምታቱት፤ ብዙ ጊዜ ብርቱካንማ ወይም ጥቁር ነው። ለእሱ የሚሆነው ገመድ 75 ኦም ነው፤ በቤት ርቀት ግን ለቪዲዮ የሚሠራው ቢጫ ጫፍ ያለው ገመድ ያው 75 ኦም ስለሆነ በትክክል ያገለግላል።

ርካሾቹ ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከጎናቸው የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው፤ ሰው ላፕቶፑን ይሰካበትና ድምፅ ሲያጣ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ያች ቀዳዳ በብዙዎቹ ላይ 5 ቮልት ኃይል ለመቀበል ብቻ ናት፤ ድምፅ የሚቀበሉት በኦፕቲካልና በኮአክሲያል ነው። ለቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ ይበቃሉ፤ ለላፕቶፕ ግን «ዩኤስቢ ኦዲዮ» የሚል በግልጽ የተጻፈበትን ፈልጉ።

ብሉቱዝ የሚቀበሉም አሉ፤ ለስልክ ምቹ ናቸው፤ ድምፁ ግን ሲላክ ተጨማሪ እምቅታ ይደርስበታል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤት ደግሞ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ጎን ክፍል ስትገቡ ግንኙነቱ መቆራረጡን ጠብቁ።

ሌላው ጥያቄ ዳኩ የሚገባበት ዕቃ ነው። አርሲኤ መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ወይም ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር ከሆነ ጥሩ። ሆም ቲያትር ከሆነ ግን ቆም በሉ፦ አብዛኞቹ ዲጂታል ሆም ቲያትሮች በአውክስ (ተጨማሪ የድምፅ መግቢያ) የገባውን ድምፅ መልሰው ወደ ቁጥር ቀይረው ነው የሚያስኬዱት። ያ ማለት ዳኩ የቀየረውን ሌላ ክፍል መልሶ ያፈርሰዋል። ሆም ቲያትራችሁ ኦፕቲካል መግቢያ ካለው ቴሌቪዥኑን በቀጥታ እዚያ ሰኩና ገንዘባችሁን ያዙ።

ዕቃዎቹና ግዢው

ዳኩ፤ 1.5 ሜትር የኦፕቲካል ገመድ ወይም ከ2 ሜትር ያልበለጠ የዩኤስቢ ገመድ፤ 1 ሜትር ባለ ሁለት ጫፍ አርሲኤ ገመድ፤ ዳኩ የሚፈልገው የኃይል አዳፕተር፤ ለስልክ ኦቲጂ (የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማገናኛ)። ይኸው ነው። በወርቅ ለተቀባ ጫፍ ብዙ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ ጠብቆ የሚይዝ ጫፍ ነው ጥሩ ጫፍ።

ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ስትገዙ ሳትሰሙት አትውሰዱ። ስልካችሁን፣ ኦቲጂውንና የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዳኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ሱቁ ውስጥ ባለ ስፒከር ላይ ይሰካላችሁ። የኦፕቲካል ገመድ መፈተሻው አምፖል ነው፦ አንዱን ጫፍ ወደ መብራት አዙሩ፣ በሌላው ጫፍ መሃል ደማቅ ነጥብ መታየት አለበት። ደብዛዛ ከሆነ ውስጡ ተሰብሯል። ሳጥኑ ላይ በተጻፈው 384 እና 768 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ የሚናገር ቁጥር) አትደነቁ፤ ሲዲ 44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት ነው፤ ኦፕቲካል መስመርም በአስተማማኝነት የሚያስተላልፈው እስከ 96 ነው።

አዳፕተሩ ከዳኩ ጋር ካልመጣ የዳኩን ጀርባ አጠገባችሁ አምጥታችሁ አንብቡ። ሦስት ነገር መመሳሰል አለበት። ቮልቱ በትክክል አንድ መሆን አለበት፤ 5 ቮልት የሚለው ላይ 12 ቮልት ከሰካችሁ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል። አምፔሩ ከተጻፈው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ሦስተኛው ምልክቱ ነው፦ ትንሽ ነጥብ በክፈፍ ተከብባ፣ ነጥቧ ወደ ፕላስ፣ ክፈፉ ወደ ማይነስ ተሰምሮ ታያላችሁ። ይህ የጫፉ መሃል ፕላስ ነው ማለት ነው። አዳፕተሩ ላይ ያለው ሥዕል ከዚህ ከተገለበጠ አትሰኩት።

አገጣጠሙ

1. አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ዳኩንም ገና አትሰኩት።

2. የአርሲኤውን ገመድ ከዳኩ መውጫ ወደ አምፕሊፋየሩ አውክስ፣ ሲዲ ወይም ቴፕ መግቢያ ሰኩ። ቀይ ቀኝ ነው፣ ነጭ ወይም ጥቁር ግራ። ፎኖ የሚል መግቢያ ላይ ፈጽሞ አትሰኩ። ያ ለሸክላ ማጫወቻ መርፌ ጥቂት ሚሊቮልት የተሠራ ነው፤ ዳክ የሚያወጣው ደግሞ እስከ 2 ቮልት። ድምፁ ተሰነጣጥቆ ባሱ ተጋንኖ ይወጣል፤ ስፒከርም ሊጎዳ ይችላል።

3. የኦፕቲካሉን ጫፎች የላስቲክ ቆብ አውልቁ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና «አይሠራም» ይላል። ጫፉ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ «ቀጭ» እስኪል ግፉት፣ አታስገድዱት። ገመዱን በጠባቡ አትጠፉት፤ ኩርባው ከቡና ስኒ አፍ የጠበበ እንዳይሆን።

4. ምንጩን፣ ማለትም ቴሌቪዥኑን ወይም ላፕቶፑን ክፈቱ፤ ቀጥሎ ዳኩን ከኃይል ጋር አገናኙ፤ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ፣ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ። ስታጠፉ ተገላቢጦሹ ነው፦ አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ። ዳክ ሲከፈትና ሲዘጋ «ዱብ» የሚል ምት ሊልክ ይችላል፤ አምፕሊፋየሩ ክፍት ከሆነ ያ ምት የሚያርፈው ስፒከሩ ላይ ነው።

ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ላይ አድርጉ። «አውቶ»፣ «ቢትስትሪም» ወይም «ዶልቢ» ላይ ከቀረ ተራ ዳክ አይገባውም፤ አንዳንዱ ቻናል ሲሠራ ሌላው ዝም ይላል፣ ወይም ኃይለኛ «ክሽሽሽ» ይወጣል። «ዜናው ይሰማል ፊልሙ አይሰማም» የሚለው አቤቱታ መነሻው ይህ ነው። በኦፕቲካል ሲሆን የቴሌቪዥኑ ሪሞት ብዙ ጊዜ ድምፅ አይቀንስም፤ የሚቀነሰው በአምፕሊፋየሩ ነው። ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መዘግየት ማስተካከያ አለ።

ዊንዶውስ ላይ በድምፅ ሴቲንግ ዳኩን መውጫ አድርጋችሁ ምረጡ፤ ቮልዩሙን 100 ላይ አድርጉ፤ «ኢንሃንስመንት» የሚባሉትን የድምፅ ማሳመሪያዎች አጥፉ፤ ፎርማቱን ለዘፈን 24 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ለፊልም 48 አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያና ከዚያ በኋላ ያሉት ዳኩን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቁታል፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ የአምራቹን ድራይቨር መጫን ሊኖርባችሁ ይችላል። ሊኑክስና ማክ አይጠይቁም። አንድሮይድ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ነገር ወደ 48 ኪሎኸርዝ ቀይሮ ነው የሚልከው፤ እንደ ዩኤስቢ ኦዲዮ ፕሌየር ፕሮ ያለ መተግበሪያ ግን ይህን አልፎ ፋይሉን እንዳለ ይሰጣል።

ድምፁ ገና ሳይነሳ ሲጮህ

የድሮ አምፕሊፋየሮች የተሠሩት ለቴፕና ለራዲዮ ነው፤ 150 ወይም 200 ሚሊቮልት ሲገባቸው ሙሉ ጉልበታቸውን ይሰጣሉ። ዘመናዊ ዳክ 2 ቮልት ሲያፈስባቸው የቮልዩም ማዞሪያው ገና ትንሽ ሲነቃነቅ ቤቱ ይሞላል። የሚያስቸግረው ጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ ማዞሪያው መነሻው አካባቢ ግራና ቀኙን እኩል ስለማይከፍት ዘፋኙ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። አንዳንዱ መግቢያ ደግሞ ከማዞሪያው በፊት ራሱ ሞልቶ ይሰነጠቃል።

ዳኩ ቮልዩም ካለው ከሱ ቀንሱ። ከሌለው አራት ሬዚስተር (ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ክፍል) ያድናችኋል፦ ሁለት 10 ኪሎኦም (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካንማ) እና ሁለት 4.7 ኪሎኦም (ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ)፣ ሩብ ዋት። የአርሲኤውን ገመድ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ቁረጡት። የመሃሉን ቀጭን ሽቦ ጫፎች በ10 ኪሎኦሙ አያይዙ። 4.7 ኪሎኦሙን ደግሞ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የመሃል ሽቦና በዙሪያው ባለው የተጠለፈ ሽቦ መካከል በይዱ። የተጠለፈው ሽቦ ራሱ ሳይቋረጥ ይቀጥል። በኤሌክትሪክ ፕላስተር ለይታችሁ ጠቅልሉ፤ ለሌላውም ጎን ድገሙት። 2 ቮልቱ ወደ 0.6 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ሬዚስተሮቹን ዳኩ አጠገብ ሳይሆን አምፕሊፋየሩ አጠገብ አድርጉ፤ ከነሱ በኋላ ያለው ገመድ ባጠረ ቁጥር ጫጫታ የሚይዝበት ዕድል ይቀንሳል።

ያለ ዳክ የነበረውንና በዳክ የሚመጣውን ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ጆሮ ትንሽ ጎላ ያለውን «የተሻለ» ይለዋልና። ከስልክ መተግበሪያ የ100 ኸርዝ ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ለኩ፣ ለምሳሌ 1 ቮልት ላይ አቁሙት፤ በሌላውም መንገድ ያንኑ 1 ቮልት አምጡ። ከዚያ ነው መስማት።

ጉምጉምታው

ዳክ ከገባ በኋላ የሚመጣ ቋሚ «እምምም» ብዙውን ጊዜ የግራውንድ ዙር ነው፦ ሁለት ዕቃዎች በመብራቱ በኩልም በድምፅ ገመዱም ሲያያዙ በገመዱ ሽፋን ላይ ትንሽ የ50 ኸርዝ ፍሰት ይሄዳል። ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ቻርጀር የተሰካበትን የላፕቶፕ ብረት በእጅ ጀርባ ስታሻሹት ስስ የሆነ ንዝረት ይሰማችኋል፤ ከቻርጀሩ ማጣሪያ የሚያመልጥ ትንሽ ፍሰት ነው፤ መሬት የሚወስደው ግራውንድ ስላጣ በአርሲኤው ሽፋን በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል።

አንድ በአንድ ንቀሉ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ዝም ካለ እሱ ነው። ቀጥሎ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ፍቱ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ብረት ራሱ ግራውንድ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የዳኩን ኃይል ከቻርጀር ወደ ፓወር ባንክ ቀይሩ፤ ቀጭኑ የ«ዝዝዝ» ድምፅ ከጠፋ ጥፋተኛው ርካሹ ቻርጀር ነው። (አንዳንድ ፓወር ባንክ ዳኩ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሚሆንበት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ ይህን ብልሽት አትበሉት።)

መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር አገናኙ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ዩኤስቢውን ወይም ኮአክሲያሉን ትታችሁ በኦፕቲካል ተገናኙ፤ ብርሃን ኤሌክትሪክ ስለማያሻግር ዙሩ ይቆረጣል። የሚያስጠነቅቅ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የመሰኪያውን የግራውንድ እግር መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን ሕይወት ያስከፍላል። የአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ያ እግር ነው ከ220 ቮልት የሚለያችሁ።

ድምፁ እየተቆራረጠ የሚሄድ ከሆነ ግን ግራውንድ አይደለም። በኦፕቲካል ከሆነ ፎርማቱን ወደ 48 ኪሎኸርዝ አውርዱና ጫፎቹን አጽዱ። በዩኤስቢ ከሆነ ከማከፋፈያው አውጥታችሁ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፤ በዊንዶውስ የኃይል ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢ ማስተኛውን አጥፉ።

ሙቀት፣ አቧራና መብራት

ዳክ ራሱ ብዙ አይሞቅም፤ አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ሲጫን ግን ከታች እየተጠበሰ ይኖራል፤ የአምፕሊፋየሩንም መተንፈሻ ይዘጋል። ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስበት በግንቦትና በሰኔ ይህ የካፓሲተሮቹን ዕድሜ ያሳጥራል። ጎን ለጎን፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር አራርቃችሁ አስቀምጡ። ከደቻቱ ወንዝ ወገን አሸዋና አቧራ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ወደሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አታድርጉት። ያልተሰካ ኦፕቲካል ቀዳዳ ቆቡ ይመለስበት፤ የአርሲኤ ጫፎችን በየጥቂት ወሩ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሲነኩት «ክርር» የሚል ጫፍ ብዙ ጊዜ ከዝገት በቀር ሌላ በሽታ የለውም።

መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን በማጥፊያው አጥፉና ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ጉዳቱ የሚደርሰው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው ቮልቴጅ ለጥቂት ጊዜ ይዘላል። አምፖሉ ሳይዋዥቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቆይ ሰኩ፤ ያኔም ምንጩ፣ ዳኩ፣ አምፕሊፋየሩ በዚሁ ቅደም ተከተል።